ጭርት ሲሰነብት ምን ይነግረናል?

በየቤታችን ጭርትን የማያውቅ ሰው የለም። በልጅነቱ ራሱን ቆረቆር ያልያዘው፥ ወይም በአንገቱና በደረቱ ላይ ቋቁቻ የወጣበት ዘመድ የሌለው ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ከዚህም የተነሣ እንዲህ ያለውን የቆዳ ሕመም በንቀት ማየት ልማዳችን ሆኗል። «ጭርት ምን ያደርጋል፤ ቅባት ቢቀቡት ይጠፋል» እንላለን፤ በብዙ ሰው ላይም አባባላችን እውነት ሆኖ ይገኛል። ነገር ግን ይኸው የተናቀ ሕመም በአንድ ሰው ላይ ለወራት ሲሰነብት፥ ጠፋ ሲሉት ሲመለስ፥ ወይም ባልተለመደ ስፍራ ሲወጣ፥ ነገሩ ከቆዳ አልፎ ስለ ሰውነት ውስጥ የሚናገር ምልክት ሊሆን ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ቤተሰብ ይህን ምልክት እንዴት እንደሚያውቀው፥ ባወቀውም ጊዜ ምን ማድረግ እንደሚገባው ለማስረዳት ነው።

ጭርት፥ ቆረቆር፥ ቋቁቻ፥ በእግር ጣቶች መካከል ቆዳን እያነጣ የሚልጠው ሕመም፥ ስማቸው ይለያይ እንጂ ሁሉም ፈንገስ ከሚባለው ወገን የሚመጡ ናቸው። በሰነበተ እንጀራ ላይ የሚታየው ሻጋታ፥ ሊጡን የሚያቦካው እርሾ፥ በክረምት ከመሬት የሚበቅለው እንጉዳይ የዚሁ ወገን ናቸው። ሊቃውንት እስከ ዛሬ ስም ሰጥተው የመዘገቡት የፈንገስ ዓይነት ከመቶ ሺህ በላይ ሲሆን፥ ሰውን የሚያሳምመው ግን ጥቂት መቶ ያህል ብቻ ነው። ለዚህ አንዱ ምክንያት የሰውነታችን ሙቀት ነው፤ አብዛኛው ፈንገስ ሙቀቱ 37 ዲግሪ በደረሰ ስፍራ ማደግ ይሳነዋልና። ስለዚህ ጭርትን የሚያመጡት ፈንገሶች ቀዝቀዝ ባለው በቆዳ፥ በጠጕርና በጥፍር ላይ ይቀመጣሉ። ምግባቸውም ኬራቲን የሚባለው፥ ጥፍርንና ጠጕርን ጠንካራ የሚያደርገው ነገር ነው። ከእነዚህ ሌላ ካንዲዳ የሚባል እርሾ አለ። ይህ በብዙ ጤነኛ ሰዎች አፍና አንጀት ውስጥ ማንንም ሳይጎዳ እንደ ጭምት እንግዳ ሆኖ ይኖራል።

እንግዲህ ጭምቱ እንግዳ ስለ ምን አንዳንድ ጊዜ ጠላት ይሆናል? ይህን ለመረዳት ሰውነትን አጥርና ዘበኛ ባለው ግቢ መመሰል ይቻላል። አጥሩ ቆዳችን ነው፤ ዘበኞቹም በደም ውስጥ የሚዘዋወሩት ነጫጭ የደም ሕዋሳት ናቸው። አጥሩ ደኅና፥ ዘበኞቹም ንቁ በሆኑ ጊዜ ፈንገሱ ከአጥሩ ውጭ ይቀራል፤ ጥቂት ቢዳፈር እንኳ ቶሎ ይባረራል። አጥሩ ተሰንጥቆ፥ ዘበኞቹም ቍጥራቸው ጎድሎ ወይም ኃይላቸው ደክሞ በተገኙ ጊዜ ግን ከቅጥር ውጭ የነበረው ሁሉ ወደ ውስጥ ይገባል። በሽታን የሚከላከለው ኃይል ደከመ ሲባል ትርጕሙ ይኸው ነው።

ይህ መከላከያ ኃይል የሚደክምባቸው ሰዎች ከእኛ ቤት የራቁ አይደሉም። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ስኳሩ ከመጠን በላይ በወጣ ጊዜ ነጫጭ የደም ሕዋሳቱ ሥራቸውን በሚገባ መፈጸም ይሳናቸዋል። በኤች አይ ቪ ተሐዋሲ የተያዘና መድኃኒት ያልጀመረ ሰው የዘበኞቹ አለቆች ሊባሉ የሚገባቸው ሕዋሳት ከቀን ወደ ቀን ይመነምኑበታል። ኵላሊት የተተከለለት ሰው፥ አዲሱን ኵላሊት ሰውነቱ እንዳይጥለው ሲባል፥ ዘበኞቹን የሚያደክም መድኃኒት በየቀኑ መውሰድ ግድ ይሆንበታል። ለካንሰር የሚሰጠው ጠንካራ መድኃኒትም፥ ለአስምና ለመገጣጠሚያ ሕመም ለረጅም ጊዜ የሚዋጠው ፕሬድኒሶሎንም እንዲሁ ያደርጋሉ። በምግብ እጦት የተጎዳ ሕፃን፥ ያለ ጊዜው የተወለደ ጨቅላና በዕድሜ የገፋ ሽማግሌም ከዚሁ ቍጥር ውስጥ ናቸው።

በደከመ ሰውነት ላይ የሚወጣ ፈንገስ መልኩ ይለወጣል፤ ይህንም ለይቶ ማወቅ ለቤተሰብ ትልቅ ጥቅም አለው። በጤነኛ ሰው ላይ ጭርት ክብ ሆኖ፥ ዳሩ ቀልቶና ተልጦ፥ መካከሉ ጠርቶ ይታያል። በደከመ ሰው ላይ ግን ክቡ ይጠፋል፤ ሰፊ ስፍራ ይይዛል፤ አንዳንድ ጊዜም በጠጕር ሥር ወደ ውስጥ ዘልቆ እባጭ ያወጣል። የጥፍር ፈንገስ እንደ ልማዱ የሚጀምረው ከጥፍሩ ጫፍ ወይም ከዳሩ ነው። ነጭ ሆኖ ከሥሩ፥ ቆዳና ጥፍር ከሚገናኙበት ስፍራ የጀመረ እንደ ሆነ ግን ሐኪሞች የመከላከያ ኃይል መድከምን ይጠረጥራሉ፤ የኤች አይ ቪ ምርመራም እንዲደረግ ይመክራሉ። ካንዲዳ ደግሞ ላብ የሚይዘውን እጥፋት ይወዳል። በጡት ሥር፥ በብብትና በብሽሽት እንደ እሳት የቀላ ቆዳ፥ በዙሪያውም ትንንሽ ሽፍታዎች ሲታዩ፥ ይልቁንም ሰውዬው ውኃ የሚጠማውና ሽንት የሚያበዛ ከሆነ፥ የደሙን ስኳር ማስለካት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የስኳር በሽታ እንዳለበት ያወቀው በዚህ መንገድ ነው።

በአፍ ውስጥ የሚታየውም ነገር እንደዚሁ ነው። በምላስና በጉንጭ ላይ እንደ እርጎ የሚነጣ ልባጥ በጨቅላ ሕፃን ዘንድ የተለመደ ስለ ሆነ ብዙ አያስፈራም። በጕልማሳ ላይ ግን ያለ ታወቀ ምክንያት ከታየ፥ ከዚያም አልፎ መዋጥ ካሳመመ፥ ችላ ሊባል አይገባም።

ይህ አነጋገር እንዲያው ለማስፈራራት የተነገረ እንዳይመስል፥ ዓለም ሁሉ የሚያውቀውን ታሪክ እናስታውስ። እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በሰኔ ወር 1981 በአሜሪካ ስለ ሎስ አንጀለስ ከተማ ሕሙማን አጭር የጤና ማስታወቂያ ወጣ። ማስታወቂያው የሚናገረው ከዚያ በፊት ጤነኞች ስለ ነበሩ አምስት ወጣቶች ነበር። አምስቱም በጤነኛ ሰው ላይ የማይታይ የሳንባ ምች ይዟቸዋል፤ አምስቱም ደግሞ ካንዲዳ ወጥቶባቸዋል። በዚያን ጊዜ የበሽታው ስም እንኳ አልታወቀም ነበር፤ ኋላ ኤድስ ተባለ። የሳንባውን ምች ያመጣው ተሐዋሲም ከዓመታት በኋላ ሲመረመር እርሱ ራሱ ፈንገስ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ያ ታላቅ መቅሠፍት ወደ ዓለም መግባቱን ካስታወቁት ምልክቶች አንዱ ሰው የሚንቀው ፈንገስ ነበር ማለት ይቻላል። በአገራችንም ሕዝቡ መድኃኒቱን ያለ ዋጋ ማግኘት ከመጀመሩ ከ1997 ዓ.ም. በፊት በነበሩት ዓመታት፥ በአፋቸው ነጭ ልባጥ፥ በቆዳቸውም የማይለቅ ጭርት ይዘው የመነመኑትን ወገኖች ያስታመመ ቤተሰብ ነገሩን አይረሳውም። ዛሬ ግን መድኃኒቱን በጊዜ የጀመረ ሰው ዘበኞቹ ይመለሱለታል፤ ፈንገሱም አብሮ ይሸሻል። ስለዚህ ምልክቱን ቶሎ ማወቅ በሕይወትና በሞት መካከል ልዩነት ያመጣል።

የፈንገስ መድኃኒት የተገኘበትም ታሪክ ሊነገር የሚገባው ነው። እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር እስከ 1950 ድረስ በሰው ላይ ያለ ጉዳት የሚሠራ የካንዲዳ መድኃኒት አልነበረም። በዚያ ዓመት ኤልዛቤት ሄዘንና ራሄል ብራውን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሴቶች ኒስታቲን የተባለውን መድኃኒት ማግኘታቸውን አስታወቁ። አንዷ በኒውዮርክ ከተማ፥ ሁለተኛዋ በአልባኒ ከተማ ይሠሩ ስለ ነበር የሚመረምሩትን በፖስታ ይላላኩ ነበር። ሄዘን ከልዩ ልዩ ስፍራ የመጣ አፈር ትመረምራለች፤ ብራውን ደግሞ በአፈሩ ውስጥ ካሉት ረቂቃን ፍጥረታት የሚወጣውን ፈውስ ታጣራለች። መድኃኒቱም የተገኘው በቨርጂኒያ ከሚገኝ ከአንድ ወዳጃቸው እርሻ ከተዘገነ አፈር ነው። ከሽያጩ የመጣላቸውን ከ13 ሚሊዮን የሚበልጥ ዶላር ለራሳቸው ሳያስቀሩ ለሌሎች ተመራማሪዎች እንዲሆን ሰጡት። በ1966 የኢጣልያን ከተማ ፊረንዜን ጎርፍ ባጥለቀለቃት ጊዜም ይኸው መድኃኒት በጥንታውያን ሥዕሎች ላይ የወጣውን ሻጋታ ለማጥፋት አገልግሏል። ጭርትንና ቆረቆርን ከውስጥ የሚፈውሰው ግሪስዮፉልቪን ደግሞ በ1939 ከሻጋታ የተገኘ ሲሆን ለሰው ሕክምና የዋለው ከ1958 ጀምሮ ነው። ሻጋታን የሚያጠፋው መድኃኒት ከሻጋታ መገኘቱ የሚያስደንቅ ነው።

መድኃኒት መኖሩ ግን ብቻውን አይበቃም፤ ያለ ቦታው የዋለ መድኃኒት ጠላትን ያበረታልና። ለምሳሌ ኒስታቲን የሚያጠፋው እንደ ካንዲዳ ያለውን እርሾ ነው እንጂ ጭርትን አይነካውም። ከሁሉ የሚከፋው ግን በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ የሚገኘው ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ነው። ቤታሜታዞን፥ ክሎቤታሶልና እነዚህን የመሰሉ ቅባቶች የቆዳን ማሳከክና መቅላት በአንድ ሌሊት ያበርዳሉ። ይህን የሚያደርጉት ግን ፈንገሱን ገድለው አይደለም፤ ዘበኛው እንዳይጮኽ አፉን አፍነው ነው። ዘበኛው ዝም ሲል ሌባው እንደ ልቡ ይዘርፋል። እንደ ምሳሌ አንዲት እናት በብሽሽቷ ጭርት ወጥቶባት ከጎረቤቷ ቅባት ብትዋስ፥ በሦስተኛው ቀን ማሳከኩ ይተዋታል፤ በወሩ ግን ቅባቱን ባቆመች ጊዜ ጭርቱ እጥፍ ሆኖ ይመለሳል። መልኩም ስለሚለወጥ ሐኪም እንኳ ለማወቅ ይቸገራል። ሁለት የእንግሊዝ ሐኪሞች በ1968 ይህን ሕመም «ማንነቱ የተሰወረ ጭርት» ሲሉ ሰይመውታል።

በሕንድ አገር የሆነው ለዚህ ታላቅ ማስጠንቀቂያ ነው። በዚያ ስቴሮይድና የፈንገስ መድኃኒት የተቀላቀለበት ቅባት ያለ ሐኪም ትእዛዝ በብዛት ሲሸጥ ኖሯል። ባለፉት ዐሥር ዓመታት ገደማም ለቴርቢናፊን፥ ማለት ለዋናው የጭርት መድኃኒት፥ የማይበገር የጭርት ዓይነት በብዙ ሕዝብ ላይ ተሠራጭቶ ወደ ኤውሮጳና ወደ አሜሪካም ተሻግሯል፤ ለዚህም ሐኪሞች የቅባቱን ያለ አግባብ መብዛት ከምክንያቶቹ አንዱ ያደርጉታል። ከዚህም የሚብሰው በ1921 ሳይሆን በቅርቡ፥ በ2021 የሆነው ነው። በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ የስኳር በሽታ ያለባቸውና ስቴሮይድ የወሰዱ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ሕንዳውያን ሕዝቡ «ጥቍር ፈንገስ» ባለው ሕመም ተያዙ። ይህ ከአፍንጫ ተነሥቶ ወደ ዓይንና ወደ አንጎል የሚዘልቅ ሲሆን ብዙዎች ዓይናቸውን፥ ብዙዎችም ሕይወታቸውን አጥተውበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ለመጀመሪያ ጊዜ አደገኛ ፈንገሶችን በመዝገብ አውጥቶ 19 ዓይነት ዘረዘረ፤ ጭምቱ እንግዳ ካንዲዳም በመጀመሪያው ረድፍ ከተጻፉት አንዱ ነው።

በእኛ ቤት ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያሠጋው የእግር ጣት መካከል ነው። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው እግሩ ስለሚደነዝዝ በጣቶቹ መካከል የተሰነጠቀው ቆዳ አያሳምመውም። በዚያች ጠባብ ስንጥቅ ግን ሌሎች ተሐዋስያን ይገባሉ፤ እግሩ ይቀላል፥ ያብጣል፥ ይቈስላል። ቍስሉ አልድን ብሎ እግር እስከ መቈረጥ የሚደርስበት ጊዜ አለ። አንድ እግር የጠፋበት ነገር ሲመረመር መጀመሪያው የተናቀ የጣት ፈንገስ ሆኖ ሊገኝ ይችላል ማለት ነው።

ስለዚህ ቤተሰብ የሚከተለውን ሥርዓት ቢይዝ ይጠቀማል።

አንደኛ፥ የስኳር ሕመምተኛ እግር በየማታው ይታይ። ዓይናቸው ለደከመ አባትና እናት ይህን የሚያደርጉላቸው ልጆች ናቸው። እግሩ ለብ ባለ ውኃ ይታጠብ፤ ውኃውን ሕመምተኛው በደነዘዘ እግሩ ሳይሆን ሌላ ሰው በእጁ ይለካው። በጣቶቹ መካከል በንጹሕ ጨርቅ ይድረቅ፤ እሳት ዳር ግን አይሙቅ።

ሁለተኛ፥ ማበጠሪያ፥ ፎጣ፥ ቆብ፥ ሻሽ፥ ካልሲና ጫማ ለየራስ ይሁን። ቆረቆር የያዘው ሕፃን ራሱን የተላጨበት ምላጭ ሌላውን አይንካ።

ሦስተኛ፥ እርጥብ ልብስ በገላ ላይ አይድረቅ። ፈንገስ እርጥበትንና ሙቀትን ይወዳልና፥ የአልጋ ቁራኛ የሆነ ሕመምተኛ እጥፋቱ ሁሉ በየቀኑ ተከፍቶ ይጠረግ።

አራተኛ፥ ነጭ ሽንኩርት፥ የባትሪ ውኃና ይህን የመሰለ የሚያቃጥል ነገር በቆዳ ላይ አይለጠፍ። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ብቻውን ቆዳን እንደ እሳት ያቃጥላል፤ የደከመ ሰው ቃጠሎ ደግሞ ቶሎ አይድንም።

አምስተኛ፥ የሌላ ሰው ቅባት አይዋሱ፤ ለሌላም አያውሱ።

ሐኪም ዘንድ በደረሱ ጊዜ ምርመራው አያስቸግርም። ከጭርቱ ዳር ጥቂት ቅርፊት ተፍቆ፥ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የሚባል ፈሳሽ ጠብ ተደርጎበት በማጕሊያ መነጽር ይታያል። ፈንገሱ እንደ ቀጭን ክር ሆኖ ይገለጣል። ይህም ጠቃሚ የሚሆነው ጭርት የመሰለ ሁሉ ጭርት ስላልሆነ ነው። ለምሳሌ ነጣ ያለና ሲነካ የማይሰማ ቆዳ ቋቁቻ ሳይሆን የሥጋ ደዌ መጀመሪያ ሊሆን ይችላል። በአዲስ አበባ የሚገኘው፥ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተቋቋመው አለርት ሆስፒታል ዛሬ ማናቸውንም የቆዳ በሽታ ይመረምራል። እንዲሁም የመከላከያ ኃይሉ በደከመ ሰው ፊት ላይ መካከላቸው የጎደጎደ ትንንሽ እባጮች ወጥተው ራስ ምታትና ትኵሳት ከጨመሩ፥ ይህ በአንጎል ሽፋን ውስጥ የገባ ፈንገስ ምልክት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል። የስኳር ሕመምተኛ ፊቱ በአንድ ወገን ካበጠ ወይም በአፍንጫው ጥቍር ቅርፊት ከታየም እንዲሁ ነው።

ሕክምናው ትዕግሥት ይሻል። በገላ ላይ ለወጣ ጥቂት ጭርት ሁለት ወይም አራት ሳምንት የሚቀባ መድኃኒት ይበቃል። ለቆረቆር ግን ቅባቱ እስከ ጠጕሩ ሥር ስለማይደርስ የሚዋጥ መድኃኒት ግድ ነው። ግሪስዮፉልቪን ስብ ካለበት ምግብ ጋር ቢወሰድ ይሻላል፤ ለነፍሰ ጡር ግን አይሰጥም። የእግር ጥፍር ቴርቢናፊን ለሦስት ወር ተውጦለትም አዲሱ ጥፍር እስኪያድግ ከአንድ ዓመት በላይ ይወስዳል። ደግሞም ፍሉኮናዞልና የእርሱ ወገን የሆኑት መድኃኒቶች ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ይጋጫሉ፤ ኵላሊት የተተከለለት ሰው የሚወስደውን መድኃኒት በደም ውስጥ ከመጠን በላይ ሊያበዙት ይችላሉ። የሚዋጠው ኬቶኮናዞልም ጉበትን ስለሚጎዳ በ2013 ለፈንገስ እንዳይሰጥ በኤውሮጳ ተመክሯል። ስለዚህ ሕመምተኛው የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ በወረቀት ጽፎ ወይም በእጁ ይዞ ለሐኪሙ ያሳይ። ፕሬድኒሶሎን የሚወስድ ሰውም ፈንገስ ወጣብኝ ብሎ በገዛ ፈቃዱ በድንገት አያቋርጥ፤ ይህ ሕይወትን እስከ ማሳጣት ይደርሳልና።

በመጨረሻ ስለ ኀፍረት አንድ ቃል እንናገር። ብዙ ሰው በቆዳው ላይ የወጣውን የሚሸሽገው «ምን ይሉኛል» በማለት ነው፤ በተለይም ምርመራው ወደ ኤች አይ ቪ ያመራል ብሎ ሲፈራ ነው። ሌላው ደግሞ ጠበል ስለ ጀመርሁ መድኃኒት ልተው ይላል። የቤተ ክርስቲያናችን ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደ ሆኑና እንደማይጻረሩ ለሕዝብ አስታውቀዋል። እንግዲህ ጠበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ፤ ከተጠመቀም በኋላ ገላውን አድርቆ ደረቅ ልብስ ይልበስ።

የቤት እመቤት ልጇን ስታጥብ፥ ልጅም ለአባቱ ውኃ ሲያፈስለት፥ የሰውን ቆዳ ከሐኪም ይልቅ አዘውትረው የሚያዩ እነርሱ ናቸው። ስለዚህ በቆዳ ላይ የሰነበተ ነገር ባዩ ጊዜ የሚቀባውን ከመፈለግ አስቀድመው «ይህ ስለ ምን ሰነበተ?» ብለው ይጠይቁ። መልሱንም ሐኪም ዘንድ ሄደው ይስሙ።